እያወቅሁ ያጠፋሁት

የእናቴን ጉልበት ያሳመመው አረምና ስግደት ነው። ለሆስፒታል አልጋ ያበቃት ግን እኔ ነኝ። ይህን ለዘመድ ስናገር «ምን ታደርግ፣ ዕድሜም አለ፣ የእግዜርም ሥራ አለ» እያሉ ያጽናኑኛል። እናቴም ራሷ «አላወቅህማ ልጄ» ብላ ይቅር ብላኛለች። ይቅርታዋን እጅ ነሥቼ ተቀብያለሁ፤ ምክንያቷን ግን ልቀበለው አልቻልኩም። አውቅ ነበር።

በቆጂ ውስጥ የስፖርት መምህር ነኝ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባና እህቶቿ የወጡት ከዚህች ከተማና ከዙሪያዋ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ገና በደንብ ሳይነጋ፣ ብርዱ ጆሮ እየቆረጠ፣ ልጆች በባሕር ዛፉ መሐል ሲሮጡ ይታያሉ። እንዲህ ባለ ቦታ የስፖርት መምህር የሆነ ሰው የሥራው ግማሽ እግር ማየት ነው። ማን እንዳነከሰ፣ ማን ጫማ እንደጠበበው፣ ማን ሕመሙን ደብቆ እንደሚሮጥ መለየት አለበት። እኔም በዚህ እመካ ነበር።

አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪዬ ተረከዜን ከኋላ በኩል ያመኛል ብላ መጣች። «በአንድ ጣትሽ አሳዪኝ» አልኳት። ጅማቱ ከተረከዙ አጥንት ጋር ከሚገናኝበት ትንሽ ከፍ ብላ ነካች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስጠይቃት «ጫማ ከለወጥኩ ወዲህ» አለች። ቦታውን ምን እንደሚነካው ስጠይቃት ጫማዋን አውልቃ ሰጠችኝ። ከገበያ የተገዛ ያገለገለ ጫማ ነው፤ የኋላው ጠርዝ ደርቆ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጠርዙን በምላጭ ቆርጬ ጣልኩት፣ ሩጫ አስቆምኳት፣ ማታ ማታ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ እንድትይዝበት ነገርኳት። እብጠቱ ሲጎድል በእርምጃ ጀምራ ቀስ በቀስ ወደ ልምምዷ ተመለሰች። የጠየቅኋት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የት ላይ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን እየነካው።

እነዚህን ጥያቄዎች ያስተማረኝ ስለ ሰውነት ያነበብኩት ነገር ነው። አጥንት ከጅማት፣ ከጡንቻ ወይም ከቆዳ ጋር በሚፋተግባቸው ቦታዎች ትናንሽ ከረጢቶች አሉን። ሐኪሞች በርሳ ይሏቸዋል፤ ቁጥራቸውም ከ140 ይበልጣል። ውስጣቸው እንደ ተልባ ውኃ የሚያሙለጨልጭ ጥቂት ፈሳሽ አለ፤ ሥራቸውም ፍትጊያውን ማለዘብ ነው። በርሳ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ መኖሩም ትዝ አይልም። ቦታው ሲደጋገም ከታሸ፣ ለረጅም ጊዜ ከተጫኑት ወይም ከተመታ ግን ይቆጣል፤ ግድግዳው ይወፍራል፣ ፈሳሽ ይሞላል፣ ያብጣል። በርሳይተስ የሚባለው ይህ ነው። ትከሻ፣ የክርን ጫፍ፣ የዳሌ ጎን፣ ጉልበትና ተረከዝ ላይ ይበዛል። ሪህና ሌሎች የመገጣጠሚያ በሽታዎችም ያስነሡታል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚመጣው ሰው ከሚውልበት ሥራ ነው። ክርኑን ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ የሚውል በክርኑ፣ ተንበርክኮ ወለል የሚያነጥፍ በጉልበቱ ይታመማል።

ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ አስረዳ ነበር። እናቴ ደግሞ ዕድሜዋን ተንበርክካ የሠራች ሴት ናት።

እርሻችን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ገብስና ስንዴ እንዘራለን። የዘራነው የሚታረመው ክረምቱ መሐል ላይ ነው። ቅጠለ ሰፊውን አረም ቱ-ፎር-ዲ የሚባለው ፀረ አረም መርጫ ይጨርሰዋል። ስናር ግን የሣር ወገን ስለሆነ ያ መርጫ አይነካውም፤ ለእሱ የሚሆነው ደግሞ ዋጋው ለእንደኛ ዓይነቱ ገበሬ ይከብዳል። ስናር በቡቃያነቱ ከገብስ ጋር ስለሚመሳሰል ቆሞ የሚያይ ሰው አይለየውም። ያለው አማራጭ ተንበርክኮ፣ አጎንብሶ፣ ሥሩን በጣት ዳስሶ መንቀል ነው። በዚህ ሥራ እናቴን የሚስተካከላት የለም። በረጠበው መሬት ላይ በጉልበቷ እየሄደች ስትነቅል ትውላለች፤ ማታ ስትገባ የቀሚሷ ፊት ከጉልበት በታች ጭቃ ብቻ ነው።

ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ አለ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ለ15 ቀን ትጾማለች። ሌሊት ተነሥታ ትሰግዳለች፣ ጠዋት ማሳ ትወርዳለች፣ ከሰዓት ለቅዳሴ ትሄዳለች፤ ቅዳሴ እስኪወጣ እህል በአፏ አይዞርም። ክረምት ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ እኔ ማሳ መውረድ እችል ነበር። አልወረድኩም። ጠዋት ልጆች አሠለጥናለሁ፣ ከሰዓት ድካም አለብኝ እላለሁ። እሷም «ተወው፣ ያሠልጥን» ትላለች።

በዚያ ነሐሴ ቀኝ ጉልበቷ ላይ እብጠት ወጣ። ልክ በጉልበቷ ሎሚ ፊት ለፊት፣ ከቆዳው ሥር፣ ሲጫኑት ለስለስ ብሎ የሚላወስ እብጠት ነው። ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ አየሁትና «እርጅና ነው እማዬ፣ ቁርጥማት ነው፣ ያልፋል» አልኳት። እሷም አመነችኝ። መምህር ነኛ።

ለአንዲት ተማሪ የጠየቅኋቸውን ጥያቄዎች ለወለደችኝ ሴት ለምን እንዳልጠየቅሁ ብዙ አስቤበታለሁ። የት ላይ እንደሆነ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ መገመት አይከብድም። ምን እየነካው እንደሆነ ብጠይቅ ግን መልሱ መሬቱ ነው፤ መሬቱ ከሆነ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ስናሩን ሌላ ሰው መንቀል አለበት። ሌላ ሰው ማለት እኔ ነኝ። ቁርጥማት ካልኩት ግን ከእኔ የሚፈለግ ነገር የለም፤ ዕድሜን ማን ይከስሳል? አፌ ላይ የመጣው መልስ እኔን ነጻ የሚያወጣው ነበር። ኃጢአቴ ብዬ የምቆጥረው ከሁሉ በፊት ይህን ነው።

ከዚያ ከመድኃኒት መደብር ዲክሎፌናክ ገዛሁላት። የሐኪም ወረቀት አልያዝኩም፤ «ለጉልበት ነው» ማለት በቂ ነበር። «ከምግብ በኋላ» ተብሎ ተነግሮኛል። ቤት ስደርስ ክኒኑን ሰጥቼ «ጠዋትና ማታ» ብቻ አልኳት። ጾመኛ መሆኗን እያወቅሁ የጠዋቱን በባዶ ሆዷ እንደምትውጠው አላሰብኩም። ሆዷን ሲያቃጥላት ለማንም ሳትናገር ቻለችው። መድኃኒቱ ሕመሙን ስላደነዘዘላት ወደ ማሳዋና ወደ ስግደቷ ተመለሰች፤ በታመመው ጉልበቷ ላይ ተንበረከከች። ማስታገሻ የሕመሙን ድምፅ ይቀንሳል እንጂ ከሥር ያለውን ጫና አያነሣም። ይህንንም ለሯጮቼ ስነግር የኖርኩት እኔው ነኝ።

እብጠቱ ሲብስ ወጌሻ አስጠራሁ። ወጌሻን ማማት ይቀለኝ ነበር፤ ጥፋቱንም በእሱ ላይ ብለጥፈው የሚያምነኝ አላጣም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሽማግሌው መጡ፣ ጉልበቷን በእጃቸው ጀርባ ነካ አድርገው ትንሽ ቆዩበት፣ ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ይሄ ያተኩሳል መምህር» አሉኝ። «ወለምታ አይደል፣ ስብራት አይደል። እኔ አልነካውም። ሐኪም ይየው።» የቡና ብር ብሰጣቸውም አልቀበልም ብለው ሄዱ።

ያልተማሩት ሽማግሌ የእጃቸውን ልክ ሲያውቁ የተማርኩት እኔ አላወቅሁም። እሳቸው ከወጡ በኋላ ለሯጮች የምይዘውን የሚያቃጥል ቅባት አምጥቼ ራሴ ተቀመጥኩላት። ጉልበቷ ቀልቷል፤ ሎሚው ላይ ቆዳዋ ከጭቃና ከእርጥበት ብዛት ተሰነጣጥቆ ነበር። አንዷ ስንጥቅ ገና አልደረቀችም። በቅባቱ ላይ አውራ ጣቴን ጭኜ አሸሁት። የአልጋውን ጠርዝ ጨበጠች። «በቃህ ልጄ» አለችኝ። «ቻይው እማዬ፣ እየለቀቀልሽ ነው» አልኳት። ደግማ አልተናገረችም፤ ላብ ብቻ ከግንባሯ ወረደ። እኔም ዝምታዋን እንደ መሻል ቆጥሬ ቀጠልኩ።

በዚያው ሌሊት ብርድ ብርድ አላት። ብርድ ልብስ ደራረብኩላት። ሲነጋ ጎረቤታችን ልትጠይቃት ገብታ ጉልበቷን ገልጣ አየች፤ ቅላቱ ወደ ቅልጥሟ ወርዷል። ወደ እኔ ዞራ «መምህር፣ ቁርጥማት እንዲህ ያቀላል?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም፤ በመኪና ወደ ሆስፒታል ይዣት ወጣሁ። ከበቆጂ ወደ አሰላ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱን ሙሉ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ጉልበቷን በሁለት እጇ ትይዛለች፣ እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ።

አሰላ ያያት ሐኪም ወጣት ነው። አጠገቧ ዝቅ ብሎ «እማማ፣ በአንድ ጣትዎ ያሳዩኝ» አላት። አሳየችው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ነገረችው። «ምን ሲሠሩ ነው የሚነካው?» አላት። «ስናር ስነቅል ተንበርክኬ ነው የምውለው። ሱባኤም ነበር።» «የሚያግዝዎት የለም?» ሲላት አጠገቧ ቆሜያለሁ። ቀና ብላም አላየችኝ። «አለ እንጂ፤ ልጄ ሥራ ስለሚበዛበት ነው» አለችው። እኔን ከሰው ፊት ለማዳን ብላ በታመመ አፏ አስተባበለችልኝ። ከሁሉ ነገር እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው።

ሐኪሙ ጉልበቷን ቀስ አድርጎ አጠፈው፣ ዘረጋው። እያመማትም ቢሆን ይታዘዝላት ነበር። ይህ ደግ ምልክት እንደሆነ ነገረን፤ ኢንፌክሽኑ ያለው ከሎሚው ፊት ባለው በርሳ ውስጥ እንጂ መገጣጠሚያው ውስጥ አልገባም ማለት ነው። መገጣጠሚያው ቢመረዝ ኖሮ ትንሽ መንቀሳቀስ እንኳ አይታሰብም ነበር። በመርፌ ሲቀዳ የወጣው ፈሳሽ ደፍርሷል፤ ለምርመራ ላከው። በእንዲህ ዓይነት በርሳ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስታፊሎኮከስ ኦውሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይም ይኖራል፤ ቆዳው ሲሰነጠቅ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። «አሽታችሁታል?» ሲል ጠየቀ። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩት። የተመረዘ እብጠት ማሸት መርዙን ወደ ጤነኛው ሥጋ መግፋት መሆኑን ሳይቆጣ አስረዳኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ክኒኑን በባዶ ሆድ ስትውጥ መክረሟንም የሰማሁት እዚያው፣ እሱ ሲጠይቃት ነው።

አልጋ ይዛ አንቲባዮቲክ በደም ሥሯ ተሰጣት። መቅዳቱ ብቻ ስላልበቃ ተከፍቶ መግሉ ወጣ፤ ቁስሉም ቀስ እያለ ጠገገ። ዳነች። ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ቢገባ ወይም መገጣጠሚያውን ቢይዝ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

እኛ ጋ መቻል ትልቅ ክብር አለው። በሩጫ ዓለም ስሙ ለተጠራ አገር ልጅ፣ ሕመም ሲነሣ መጀመሪያ የሚታዩት ያልተሸነፉት ናቸው። እነዚያው ሰዎች ግን ማቆምንም ያውቃሉ። የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በኒውዮርክ ማራቶን ቀኝ ጉልበቱ ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ፣ ጅማቱም ተቆጥቶ እንደነበር በምርመራ ታይቷል፤ ሩጫውን ጀመረና መሐል ላይ አቆመ። ያን ቀን በቃኝ ቢልም ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ሩጫ ተመልሷል። ቀነኒሳም እ.ኤ.አ. በ2010 በባት ጉዳት ከውድድር ርቋል፤ በ2019 ደግሞ በ37 ዓመቱ በርሊን ላይ 2፡01፡41 ገባ። ለተማሪዎቼ ይህን እየጠቀስኩ «ያረፈ እግር ይመለሳል» እላቸዋለሁ። ለእናቴ የነበረኝ ቃል «ቻይው» ብቻ ነው። ለሜዳሊያ የሚሮጥ እግር ዕረፍት ሲገባው እኛን ያበላ ጉልበት እንዳይገባው የፈረድኩት ምን ብዬ ነው? ሴት ልጅ፣ እናት፣ ገበሬ መቻል አለባት ብዬ ነው። ይህ የእኔ ብቻ ፍርድ ባይሆንም የፈረድኩት ግን እኔ ነኝ።

አሁን ትራመዳለች፣ ገበያ ትወጣለች። በቀኝ ጉልበቷ መንበርከክ ግን አትችልም፤ ጠባሳው ሲነካ ያማታል። ለነፍስ አባቷ ስትነግራቸው የታመመ ሰው ቆሞ አጎንብሶም መስገድ እንደሚችል ነግረው አሰናበቷት። ትሰማቸዋለች፤ ግን ሌሎቹ ሲሰግዱ ግድግዳ ተደግፋ ስትቆም ፊቷን አያለሁ። ይህን ያጎደልኩባት እኔ ነኝ፤ ሰው ይቅር ስላለኝ አይሞላም።

ያደረግሁትን ማስተካከያ ለመመስገን አልዘረዝርም። አረሙን እኔ እነቅላለሁ፤ ካልቻልኩ የቀን ሠራተኛ እቀጥራለሁ። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጠን በጨርቅ ሰፍተን ጉልበት ላይ የሚታሰር አዘጋጀን። መጀመሪያ ያሰርኩ ቀን ርካሽነቱ አሳፈረኝ።

ለሚያነበኝ ሰው የምተወው ከዚህ የተማርኩትን ነው። እናትህ ወይም አባትህ ጉልበቴን፣ ክርኔን፣ ትከሻዬን አመመኝ ካሉ ተነሥተህ እይ። በአንድ ጣት ያሳዩህ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠይቅ፤ በሥራ ላይ ቦታውን ምን እንደሚጫነው ጠይቅ፤ መልሱ ወደ አንተ ቢያመለክትም ስማው። ያልቀላና ትኩሳት የሌለው እብጠት ብዙ ጊዜ ጫናው ሲነሣለት ይሻላል፦ ማሳረፍ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ቀዝቃዛ ጨርቅ ለሩብ ሰዓት ያህል መያዝ፣ ከተንበረከኩም ወፍራም ነገር ማንጠፍ። ክንድ ወይም እግር ጨርሶ ሳይንቀሳቀስ ቢሰነብት መገጣጠሚያው ይደርቃልና ሕመሙ ሲቀል ቀስ እያሉ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። በጥቂት ሳምንት ካልተሻለ ወይም ደጋግሞ ከተመለሰ ሐኪም ይየው፤ ሪህም ሌላም ሊሆን ይችላል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራ፣ ኩላሊትና የደም ግፊት ላይ ጣጣ አላቸው፤ ጨጓራ፣ ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት ሰው፣ ለጾመኛም ሰው፣ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳያማክሩ አትስጡ።

እብጠቱ ከቀላ፣ ካተኮሰ፣ ቆዳው ላይ ቁስል ካለ ወይም ሰውየውን ብርድ ብርድ ካለው ግን አታሹት፣ አትብጡት፣ በእሳትም አታሙቁት። በተለይ ስኳር ያለበት ሰው ከሆነ ለነገ አትበሉ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ክረምት ዕረፍት ላይ ያላችሁ የገበሬ ልጆች ደግሞ፣ መምህርም ሁኑ ሯጭ፣ ነሐሴ ሲገባ ማሳ ውረዱና ስናሩን ንቀሉ።